የዘንዶው ቃለ ጉባኤ

ባለፈው ሳምንት ቁም ሳጥን ሳጸዳ አንድ ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር ከላይ ወደቀብኝ። ስከፍተው የናፍጣ ሽታ አለው፤ ያኔ ቃለ ጉባኤውን የምገለብጠው ከባድ መኪናዬ ውስጥ፣ የኦክላንድ ወደብ ተራ እየጠበቅኩ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ በራሴ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ የተገኙ፤ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡት መምህር። አባል፣ ነርሷ። ጸሐፊ፣ እኔ። በአስረጂነት የተጠራች፣ የጸሐፊው ልጅ፣ ዕድሜ አሥራ አምስት። አጀንዳ፦ የዘንዶው ጨዋታ።

ለልጅህ የቪዲዮ ጌም ልፍቀድለት ወይስ ልከልክለው ብለህ ስለጠየቅከኝ ነው ይህን የምነግርህ።

ነገሩን ያስነሳችው የጸሎት ቤታችን አንዲት እናት ናት። ቤታችን መጥታ ልጄ ስትጫወት ቀንዳም ፍጡር ቴሌቪዥን ላይ አየች፤ በሳምንቱ እኛ ቤት አጋንንት ይመላለሳሉ ተባለ። እኔ ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ከዚያ ወዲህ ያለውን በገዛ ራሴ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ ሳላይ አልፈርድም። ስለዚህ ጉዳዩን ራሴው ለሽማግሌዎች አቀረብኩ። እነሱም እንደ ልማዳችን ኮሚቴ አቋቋሙ። የእኛ ሰው ሦስት ሆኖ ከተቀመጠ አንዱ ሰብሳቢ፣ አንዱ ጸሐፊ ነው። ጨዋታው መጥፎ ነው ከተባለ ከቤቴ እንደሚወጣ ቃል ገባሁ። ልጄን አላማከርኳትም። አንድ ክረምት ሙሉ የሰው ሕፃናት ጠብቃ የገዛችው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበቃል ብለን ነበር። መምህሩ ከረባት አስረው መጡ። ነርሷ ከኮንኮርድ ከተማ፣ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች እጇ የሆስፒታል አልኮል ይሸታል። ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ስላረፈች መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድነው። ኮንትሮለሩን ለመያዝ የደፈረ ስላልነበረ እኔ ያዝኩት፤ ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ቁልፎቹ ላይ አስቀመጠችልኝ።

መምህሩ መጽሐፍ መሃሉ ላይ አይፈረድም፣ እስከ መጨረሻው እናያለን አሉ። መጨረሻው ስንት ሰዓት ይፈጃል ብለው ልጄን ጠየቋት።

"ላይክ... ፎርቲ አወርስ፣ ጋሼ።"

አርባ ሰዓት! መነጽራቸውን አወለቁ። እንዲህ ሆኖ ሰባት ቅዳሜ፣ ከምሳ እስከ ራት፣ ተሰበሰብን።

ስለዚህ ዓይነት ጨዋታም ሆነ ትራስ ስለሚያካክሉት የዘንዶ መጻሕፍት ያለኝን አስተያየት ከፈለግህ፣ ያበሳጩኛል። ንጉሥ አለ፣ ገበሬ የለም። ሠራዊቱ ሺህ ነው፣ ስንቅ የጫነ አንድ አህያ አላየሁም። ጀግናው ሁልጊዜ ወላጅ አልባ ነው፤ አባት ቢኖረውማ ማን ዘንዶ ፍለጋ ይለቀዋል? ዓለም ሊጠፋ ሦስት ቀን ሲቀረው የእኛ ጨዋታ ጀግና፣ ቀስት የያዘች ልጅ፣ የአንዲት ባልቴት ዶሮ ጠፋች ብላ ጫካ ለጫካ ትዞራለች። ይህን ሁሉ መዝግቤዋለሁ።

ባለ ቀስቷ ጀግና የሰው ቤት ዝም ብላ ትገባ ነበር። "'ቤቶች' እንኳ አትልም እንዴ?" አለች ነርሷ። ገብታም የሰው ሳጥን እንድትከፍት ይጠበቃል። እኔ አልከፍትም አልኩ።

"ዳዲ፣ ኖባዲ ኬርስ። ጀስት ቴክ ኢት።"

"የሰው ነው።"

ባዶ እጄን ወጣሁ፤ ቀስት አልቆብኝ ሦስት ጊዜ ሞትኩ። ልጄ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ሳይሰርቅ የሚጫወት ሰው በዓለም ላይ አንተ ብቻ ነህ አለችኝ፣ በእንግሊዝኛዋ። ጀግናዋ ዳቦ በልታ ቁስሏ ሲድን ደግሞ ነርሷ ይህ ዳቦ እኛ ሆስፒታል ቢመጣ ሁላችንም ሥራ ፈት ነበርን አለች።

አራተኛው ቅዳሜ ላይ አጀንዳውን ረሳነው። መምህሩ ከረባታቸውን አላልተው ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ይሉኛል። ነርሷ ቅዳሜዋን ነጻ ለማድረግ ፈረቃ ቀየረች። እኔም ወደብ ላይ ቆሜ አውራ ጣቶቼን መሪው ላይ አለማምድ ነበር። ስለ ትምህርት ቤቷ አንዲት ቃል ተንፍሳ የማታውቅ ልጄ፣ ራት ላይ ስለ ዘንዶው እናትና ውኃ ስለዋጠው ከተማ ታጫውተኝ ጀመር። ግማሹን አልገባኝም። እንድታቆም ግን አልፈለግሁም።

ሰባተኛው ቅዳሜ ዘንዶው ወደቀ። የጣልኩት እኔ ነኝ። ልጄን አቅፌ ሳሎኑ መሃል አዞርኳት፤ የፀጉሯ ቅባት ኮኮናት ኮኮናት ይሸት ነበር። ነርሷ እልል አለች።

ከዚያ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ድምፅ እንስጥ አሉ። እሳቸው ይፈቀድ አሉ፤ ታሪክ የማይሰማ ሰው ይደርቃል ብለው። ነርሷ ይከልከል አለች፤ ልጇ ይህን ካየ ደብተር አይገልጥም ብላ። ቀሪው የእኔ ድምፅ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ጨዋታው ላይ ክፋት አላገኘሁበትም። ግን ሰው ምን ይላል አልኩ፤ ለገዛ ልጁ ፈረደ እንዳይባል ፈራሁ።

"ይከልከል" አልኩ።

ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ ያን ቀን በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ "ግን ወደኸው ነበር" አለች።

"እዚህ የተቀመጥነው ለመውደድ አይደለም።"

መምህሩ መሬት መሬት እያዩ "የልጅቷ ቃል ይመዝገብ" አሉ። አልመዘገብኩትም።

ዲስኩን አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። አልተቆጣችም፣ በር ወርውራ አልዘጋችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ውሳኔያችንን ማንም አልጠየቀን። ወሬውን ያስነሳችው እናት በወሩ ሌላ ጸሎት ቤት ገባች። ነርሷ ልጇ ሲመረቅ ያንኑ ጨዋታ ገዝታ ሰጠችው፤ ይህን ስሰማ መኪናዬን ዳር አቁሜ ብቻዬን ተናደድኩ። ውሳኔውን ያከበረች የእኔ ልጅ ብቻ ነበረች።

አሁን ሳን ሆዜ ትኖራለች። መልካም ልጅ ናት። በየእሑዱ ትደውላለች፤ የደም ግፊቴን ትጠይቃለች፣ መድኃኒቴን መዋጤን ታጣራለች። ሰሞኑን ምን እያየሽ ነው፣ ምን እያነበብሽ ነው እላታለሁ።

"ናቲንግ ሪሊ፣ ዳዲ።" ምንም፣ ማለቷ ነው።

ከኋላዋ የሰይፍ ፍጭትና የመለከት ድምፅ ይሰማኛል። ቀስ ብላ ትቀንሰዋለች። እኔም ያልሰማሁ እመስላለሁ።

ያ ኮሚቴ ስንት አስወጣችሁ ካልከኝ፣ መምህሩን ሰባት ቅዳሜ አስወጣቸው። ነርሷንም እንዲሁ። እኔንና ልጄን እስካሁን አሥራ አንድ ዓመት።