በደሴቷ የመብራት ማማ ውስጥ

በጀልባ ወደ ደሴቷ ሲወስዱኝ ዓይኔን አስረውት ነበር። ጨርቁን የፈቱልኝ የመብራት ማማው በር ላይ ነው። ጣሊያኖች የሠሩት፣ ኖራው የተላጠ፣ መብራቱ ከጠፋ ዓመታት ያለፉት ረጅም ግንብ። እዚያ ያደረሰኝ ስብሰባ ላይ «የታሰሩት ለምን ፍርድ ቤት አይቀርቡም?» ብዬ መጠየቄ ነው።

ማማው ሥር ባለችው ክብ ክፍል አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ዓሣ አስጋሪ ናቸው፤ የሚሸሹ ወጣቶችን በጀልባቸው አሻግረዋል ተብለው ነው የታሰሩት። ስማቸውን ስጠይቃቸው፣ «ባታውቀው ይሻልሃል፤ ሲመቱህ አይወጣህም» አሉኝ። ክፍሏ የባሕር ጨውና የሽንት ሽታ ነበራት።

አንድ ቀን ሻለቃው ገብቶ ዱላ አቀበለኝ።

«እነማንን እንዳሻገረ እስኪናገር ምታው።»

«ሽማግሌ አልመታም።»

ዱላውን ነጥቆ ጉልበቴን አለኝ። ስወድቅ ወታደሮቹ በጫማ ተቀባበሉኝ። ጎድኔ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ጥርሴን ከደም ጋር ተፋሁ።

ሲወጡ ሽማግሌው የሸሚዛቸውን እጅጌ ቀደው፣ በመጠጥ ውሃቸው አርሰው ፊቴን ጠረጉልኝ።

«ነገ ምታኝ ልጄ። ከአሁኑ ይቅር ብዬሃለሁ።»

«አልመታዎትም።»

«ይገድሉሃል እኮ።»



በማግስቱ ሻለቃው ዱላውን ለሽማግሌው ሰጠ። «በል አንተ ምታው፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

ዱላውን ጉልበታቸው ላይ ሊሰብሩት ሞከሩ። አቅም አነሳቸው። ጎንበስ ብለው ሻለቃው እግር ሥር አስቀመጡት። አንዱ ወታደር በሰደፍ ፊታቸውን መታቸው፤ ወደቁ፤ ደግሞ መታቸው። ሊጎትቷቸው ሲሉ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። ደሙ እየወረደ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ።

«ተዉኝ፤ በእግሬ እሄዳለሁ» አሉ።

ከግንቡ ጀርባ የዱላው ድምፅ ለረጅም ጊዜ ተሰማኝ። ከዚያ ባሕሩ ብቻ። አልተመለሱም።

ዛሬ የምኖረው ፍራንክፈርት፣ ዞሰንሃይም ነው። ሳክሰንሃውሰን በሚባለው ሰፈር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ የሥራ ፈረቃዬን ጨርሼ ቤት ስገባ፣ ትንሿ ልጄ ስለ አያቷ በጀርመንኛ «ኦፓ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ትለኛለች። ስለ አባቴ እነግራታለሁ፤ አናጢ እንደነበረ፣ ሲስቅ እንደሚያስነጥሰው። ከዚያ ስለ ጀልባው፣ ወጣቶችን ስለማሻገሩ፣ ሰው አልመታም ስለማለቱ እቀጥላለሁ።

ሁለት ሰዎች መሆናቸውን እስካሁን አላወቀችም።