ጎማው ወደ ቦይ ዞሮ የጠበቀው መሪ

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የጋራዡ ባለቤት ጋሼ ሽኩር ናፍጣ የሞላበት ቆርቆሮ እግሬ ሥር አስቀምጠው «ቡሎን እጠቢ» አሉኝ። አንዱ መካኒክ ከመኪና ሥር ሆኖ «ይቺ እስከ ምሳ ትቆያለች?» ሲል ሰማሁት። እሱ ከሄደ ቆየ፤ እኔ ይኸው አለሁ።

ሙያውን ቁጭ ብሎ ያስተማረኝ የለም። እያየሁ፣ እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። መሪ ላይ በተለይ እጄ ተፈታ፤ ከአብነት ሰፈር ሳይቀር «የመሪዋ ልጅ የታለች?» እያሉ ይመጡ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ጋሼ ታደሰ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ባለቤታቸውን እትዬ ጽጌን በሳምንት ሁለቴ ለኩላሊት እጥበት የሚያመላልሱት በአሮጌ ቮልስ ነበር። መሪዋ ላልቶ ሩብ ዙር ያህል በባዶ ይዞራል። የመሪውን ሳጥን አወረድኩ፣ የተበላውን ጥርስና ኩሽኔታውን ቀይሬ መልሼ ገጠምኩ።

የቀረችው የሳጥኑ ማጥበቂያ ቡሎን ናት። በካቻቪቴ ታጠብቃላችሁ፣ በዳዶ ትቆልፋላችሁ። የሳጥኑ ጥርስ መሐል ላይ ጠበቅ፣ ዳር ላይ ላላ ይላል፤ አሠራሩ ነው። ስለዚህ ሲጠበቅ የፊት ጎማ ቀጥ ማለት አለበት። የእኛ መንገድ ግን ጠባብ ነው። መኪና የምናቆመው አፍንጫውን ወደ ቦይ ሰክተን፣ ጎማውን ጠምዝዘን ነው፤ አለዚያ ጋሪና ተሸካሚ አያልፍም። ሁላችንም ጎማውን ሳናቃና፣ መኪናው እንደቆመ ነበር የምናጠብቀው። እኔም ባዶ ዙሩ እስኪጠፋ አጠበቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ታደሰ ተመለሱ።

«ልጄ፣ ካዞርኩት በኋላ በራሱ አይመለስም። ቀጥ ሲል ይይዘኛል።»

የጎማውን ንፋስ ለካሁ፣ መገጣጠሚያዎቹን ግራሶ ሞላሁ። ሳጥኑን አልነካሁትም፤ የገዛ እጄ ሥራ ስለሆነ አልጠረጠርኩትም።

«አዲስ ስለሆነ ነው ጋሼ፣ ይለምዳል» አልኳቸው።

ሐሙስ ዕለት እትዬ ጽጌን ለእጥበት ሲወስዱ፣ ቁልቁለት ላይ ከኩርባ ሲወጡ መሪው ያዛቸው። ቮልሷ በቀኝ ጎኗ ምሰሶ መታች። የእሳቸው እጅ ተሰበረ። እትዬ ጽጌ ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ።

መኪናዋ ተጎትታ መጣች። ሳጥኑ በግራ በኩል ስለሆነ ግጭቱ አልነካውም። ፊቷን በክሪክ አነሳሁ፤ ሳጥኑን ከጎማው የሚያገናኘውን ዘንግ ፈትቼ መሪውን በሁለት ጣት ከዳር እስከ ዳር አዞርኩት። ዳር ላይ ቀለለ። መሐል ሲደርስ ደረቀ፤ ጎማው ዞሮ ሳለ፣ ጥርሱ ላላ በሚልበት ዳር ላይ ነበር ያጠበቅሁት።

ጋሼ ሽኩር አጠገቤ ቆመው ያያሉ። «ግጭቱ ነው ያበላሸው በይ። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አልኳቸው።

ለፖሊስ ቃሌን ሰጥቼ ልቅሶ ቤት ሄድኩ። ጋሼ ታደሰ እግር ሥር ተንበርክኬ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። «ጽጌ ‹ወደ ልጅቷ እንመለስ፣ መሪው እያስቸገረህ ነው› ብላኝ ነበር» አሉ። «‹ይለምዳል ብላለች› አልኳት።»



ዛሬ መሪ ሳጠብቅ መኪናውን አቃንቼ መንገዱን እዘጋለሁ። ተሸካሚዎቹ «እትዬ፣ መርካቶን ገዛሻት እንዴ?» ይሉኛል። ይበሉ። የመሪ ሳጥን የሚጠብቀው የፊት ጎማ ቀጥ ብሎ ነው። ባለመኪናው «ይይዘኛል» ካለ ደግሞ መጀመሪያ የምትፈቱት ራሳችሁ የገጠማችሁትን ነው።