እናቴ የቀመሰችው ገንፎ

አሶሳ ላይ የታሰርኩት ስብሰባ ላይ በተናገርኩት አንድ ቃል ነው። በር ላይ ፈታሹ ከኪሴ የኪኒን ብልቃጤን አወጣና ጽሑፉን አነበበ።

«ቪታሚን? ይሄን የሚያክል ጎረምሳ! ቆሎ ቆርጥም» ብሎ ወሰደው።

በሽታዬ ለማስረዳት አይመችም። ከተወለድኩ ጀምሮ ይጥለኛል። ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሁሉ አልያዘልኝም፤ የሚያቆምልኝ ያ ቪታሚን ብቻ ነው፣ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ። ይህንኑ ነገርኩት። ሳቀ።

የክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ቀትር ላይ ያቃጥላል። ብዙም ሳልቆይ ጣለኝ። ስነቃ ምላሴ ቆስሏል፤ ጭንቅላቴን ደግፈው የያዙት የክፍላችን አለቃ፣ አማርኛ ብዙም የማይቀናቸው አንድ የበርታ አዛውንት ነበሩ።

«ይሄ በሽታ ምን ይፈልጋል?»

«ቪታሚን» አልኳቸው። እሳቸው አልሳቁም።

እናቴ ሌላ ኪኒን ይዛ ብትመጣ ከበር መለሷት። በማግስቱ ገንፎ ገባልኝ። ስንቅ ያመጣ ሰው ጠባቂው ፊት መቅመስ አለበት፤ ከገንፎው ጫፍ አንድ ጉርሻ ተቆርሷል፣ መሃል ያለው ቅቤም ተጠቅሷል። ጣቶቿ ያለፉበት ይታያል። ከአጥሩ ማዶ ነበረች፤ ላያት ግን አልችልም።

ቅቤውን ስቀምሰው መረረኝ። ልጅ ሳለሁም ኪኒኔን ፈጭታ በቅቤ ነበር የምትሰጠኝ።

የክፍላችን ደንብ ግን ከውጭ የገባ ምግብ የሁሉም ነው ይላል። ጆሮ ጠቢ ፈርቼ አፌን አልከፈትኩም፤ ቅቤው ውስጥ ኪኒን እንዳለ ከታወቀ ገንፎው ይቀራል። እጆች ተዘረጉ። ቀድመው የጠቀሱት አዛውንቱ ነበሩ። ቀመሱና አዩኝ።

«እኔ ሆድ ሙሉ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ዙሪያውን ተመለከቱ። «እናንተም ሆድ ሙሉ ነው።»

ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሱ ሰዎች እጃቸውን ሰበሰቡ። አንዱማ እንደጠገበ ሰው አገሳ። ከዚያ በኋላ የእናቴ ገንፎ በመጣ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ይጠግብ ነበር።

ከተፈታሁ በኋላ እናቴ፣ «ጠባቂው ‹ጨምረሽ ቅመሺ› ሲለኝ ካንተ አፍ የምነጥቅ ይመስለኝ ነበር፣ ልጄ» አለችኝ።

አሁን እሷም የለችም። ኪኒኔን ከፋርማሲ ገዝቼ ጠዋት ጠዋት በውሃ እውጣለሁ። ከጣለኝ ቆየ፤ ደህና ነኝ። ቀምሳ የምትሰጠኝ ግን የለችም።