ማሜ ኤሱን የሰጠችው ስም

ተለማማጇ ኩኩዋ ኬንኪ የሚባለውን የቦካ የበቆሎ ሊጥ በቅጠል አስሮ የመቀቀል ሙያዋን ጨርሳ የተመረቀችው በ1998 ከባካቱዌ በዓል በፊት ነው፤ ማሜ ኤሱን እንዲህ ትላለች። ከዚያ ትጠራጠራለች። ከበዓሉ በፊት ከሆነ በበዓሉ የሚከፈተው የከተማዋ ሐይቅ ገና ለመረብ ዝግ ነበር፤ ታዲያ ያን ቀን የተበላው የሐይቅ ዓሣ ከየት መጣ? ማክሰኞ መሆኑን ግን አትጠራጠርም። ማክሰኞ አጥማጆች ባሕር አይወርዱም፤ የጋናዋ ኤልሚና ሰው ግማሹ ደጇ ላይ የተሰበሰበው ለዚህ ነው።

ጎረቤቷ ኤሲ ተለማማጇን ስታስመርቅ አዲስ ድስት ሰጥታ ነበር። ሰው ስለዚያ ድስት ሲያወራ ከረመ። ማሜ ኤሱን አንጀቷ አረረ። ከድስት የሚበልጥ ምን አላት? እናም እንደ ወጉ በኩኩዋ ራስ ላይ ነጩን ፓውደር እየነሰነሰች፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስሟን ሰጠቻት። ጭብጨባው እስከ ሐይቁ ድልድይ ተሰማ።

ዛሬ «ማሜ ኤሱን ኬንኪ» የሚል ሰሌዳ ኬፕ ኮስት አለ፣ ታኮራዲ አለ፣ አክራማ ሁለት ቦታ አለ። ባለቤቶቹ በስሙ ለመሥራት ለኩኩዋ የሚከፍሉ ሰዎች ናቸው። ኩኩዋ ስሙን በንግድ ምልክትነት ልታስመዘግብ አመልክታለች፤ ከጸደቀላት እውነተኛዋ ማሜ ኤሱን የራሷን ሰሌዳ ማውረድ ሊኖርባት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባት ሥዕሉ ነው። በየሰሌዳው፣ ከስሟ በታች፣ የምትስቀው ኩኩዋ ናት።

አንድ ቀን ሰው ልካ ከታኮራዲው ቤት ኬንኪ አስመጣች። በሯን ዘግታ ቅጠሉን ፈታች። አስተሳሰሩ የራሷ ነው። ሊጡ በልክ ቦክቷል። ጨው እንኳ አልበዛበትም። ጨው ቢበዛበት ምን ነበረበት?

በሳምንቱ ኩኩዋ ራሷ በመኪና መጣች።

«ማሜ፣ እንዴት ዋሉ?»

«የቷን ማሜ ነው? ማሜ ኤሱን አክራ ናት አሉ። ያውም በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ተቀምጣ።»

«ኧረ ማሜ! ሌላ ስም ይምረጡና ሰሌዳውን እኔ ላሠራልዎት።»

«ሥዕሉስ? ያንቺን ጥርስ ታውሽኛለሽ?»

ኩኩዋ ሳቀች፤ ልክ እንደ ሰሌዳው።

ማሜ ኤሱን ኬፕ ኮስት ጠበቃ ኤቦ ዘንድ የሄደችው መቃወሚያ በሚቀርብበት የመጨረሻው ቀን ነው።

«ቀላል ነው ማሜ» አላት። «‹ስሙ የኔ ነው፣ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም› ብለው ይምላሉ። እኔ ቢሮው ሳይዘጋ አስገባለሁ። ነገ ከሆነ ግን አለቀ።»

«ለማንም?»

«ለማንም።»

«ልጄ፣ አንተ ፓውደር ተነስንሶብህ ያውቃል?»

«እኛን ጠበቆችን ስንመረቅ ዊግ ነው የሚደፉብን።»

አልሳቀችም። «በድስት ቀንቼ ሰጠሁ፣ ኤልሚና ሁሉ ሰማ። አሁን ደግሞ በሥዕል ቀንቼ አልሰጠሁም ልበል?»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፤ ወጣች።

ጠበቃ ኤቦ እስክሪብቶውን ከደነ። ደረጃው ላይ የእርምጃዋ ድምፅ እየራቀ ሳለ ነው የገባው። በስሜ ሥሪ ብሎ መፍቀድ አንድ ነገር ነው፤ ስሙን ጨርሶ አስረክቦ ባለቤቱ እስኪከለከል መስጠት ሌላ። ፈቅዳ ብቻ ከሆነ፣ ሳትዋሽ ልትምል ትችላለች፤ ስሙም ይተርፍላታል። ያን ማክሰኞ ከአፏ የወጣው ቃል ምን ነበር? ይህን አልጠየቃትም።

ደረጃውን ሮጦ ወረደ። እሷ የኤልሚናው ሚኒባስ ውስጥ ገብታለች፤ ፊቷ ወደ ባሕሩ ዞሯል። «ማሜ!» ብሎ እጁን አውለበለበ። በሩን የሚዘጋው ረዳት ተሳፋሪ መሰለው።

«ሞልቷል፣ ጌታዬ!» አለውና ሄዱ።