ከወንጪ በፊት የገባሁበት ውሃ

አሶሳ ለማስተማር ከተመደብኩ ወዲህ ክረምት ሲመጣ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፈተና አርሜ፣ ውጤት አስገብቼ፣ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወደ ደብረ ብርሃን መብረር። ያለፈው ክረምት ግን ሌላ ሐሳብ መጣ። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ግብፅ ውስጥ ቀይ ባሕር ዳር ባለ ሆቴል ሲሠራ የውሃ ጠላቂነት ተምሮ፣ የመተንፈሻ መሣሪያውንና ወፍራም የጎማ ልብሱን ይዞ ተመልሷል። «ክረምት ላይ ወንጪ ሐይቅ እንጥለቅ» አለኝ በስልክ። «ውሃው ግን ቀልድ አይደለም፤ አጥንት ድረስ ነው የሚገባው።»

ብርድ ሲባል እኔ ምን አስቆመኝ! በማግስቱ መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቼ ጉራዬን ቸረቸርኩ። «የደብረ ብርሃን ልጅ ብርድ ይፈራል እንዴ? እኛ እኮ ውርጭ ላይ ነው እግር የተከልነው» አልኩ። እውነቱን ለመናገር የአሶሳ ሙቀት አልፈስፍሶኛል። ጠዋት ጠዋት ከቧንቧ በሚወርደው ውሃ ፊቴን ስታጠብ እንኳን ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል። ይህን ግን ለማን እነግራለሁ?

ጓደኛዬ በቴሌግራም በድምፅ ምክር ይልክልኝ ጀመር። ሐኪም ጆሮህንና ሳንባህን ይይልህ፤ ዋና ተለማመድ፤ ደግሞ ፊትህን ሳፋ ውስጥ በተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ እየነከርክ ትንፋሽህን መቆጣጠር ልመድ። «ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ፊትህን ሲመታህ ሳታስበው ትንፋሽ ትስባለህ። እዚያ ውስጥ እንደዚያ ካደረግክ አለቀልህ» አለኝ። ሳፋ ነው ያለው። መልእክቱን ኋላ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ጥርት አድርጎ ሳፋ ብሏል።

እኔ ግን ሳፋ ናቅኩ። የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ፣ ከበሩ ገባ እንደተባለ፣ ከቤቱ ቆርቆሮ የሚወርደውን ዝናብ የሚቀበል አናቱ የተቆረጠ አሮጌ ጥቁር ሮቶ አለ። የቤቱ ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው የበርታ እናት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። በሶላት ሰዓት በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱታል። ወደ መስጊድ የሚሄዱ ሽማግሌዎች ጎራ ብለው፣ እማማ ኢብሪቅ በሚሉት የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ እየቀዱ ይታጠባሉ። ከመስኮቴ የሚታየኝ እግራቸውን ሲታጠቡ ስለነበር የእግር ውሃ ነው ብዬ ደምድሜያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ግቢ ስኖር ነገሩ ምንድነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሰው እግሩን የሚታጠብበት ውሃ እኔን ቢይዝ ምን ይጎድልበታል?

እማማ ገበያ የሄዱበትን ቀን መረጥኩ። ከሱቅ በረዶ የሆኑ ሃይላንዶች ገዝቼ ሮቶው ውስጥ ጣልኩ። ጓደኛዬ እንዲያይልኝ ስልኬን አጥሩ ላይ አስደግፌ ቪዲዮ ከፈትኩ። ከዚያ በቁምጣ ብሎኬት ላይ ወጥቼ ዘው አልኩ። መጀመሪያ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ቀስ እያለ ትንፋሼ ሲመለስልኝ ግን ደስ አለኝ፤ እስከ አንገቴ ሰምጬ ለስልኩ አውራ ጣቴን አሳየሁት።

ለካ የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው፣ ሶላት ደርሷል። በሩ ተገፋ፤ የሽማግሌዎች ሳል፣ የከዘራ ድምፅ፣ ሰላምታ ሰማሁ። ያን ጊዜ ብድግ ብዬ «ይቅርታ አባቶቼ» ብል ኖሮ ነገሩ በሳቅ ያልፍ ነበር። እኔ ግን አፈርኩ፤ ከማፈሬ የተነሳ ትንፋሼን ይዤ ውሃው ውስጥ ተደበቅኩ። ጎበዝ ጠላቂ! ኢብሪቁ መጣና ግንባሬን መታኝ። ወጣ፤ ተመልሶ ገባና አናቴን መታኝ። በሦስተኛው አልቻልኩም፤ እንደ ጉማሬ እየተነፈስኩ ብቅ አልኩ።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ኢብሪቁን የያዙት ሽማግሌ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ። ሌሎቹ ራቁት ገላዬን ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ። የተሳደበ የለም። ሽማግሌው የቀዱትን ውሃ ደፉ፣ ኢብሪቁን በቦታው በቀስታ አስቀመጡ፣ ተያይዘው ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ውሃው ውስጥ ቆሜ ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ስልኩ አሁንም ይቀርጸኛል።

እማማ ከገበያ ሲመለሱ ወሬውን ከመንገድ ሰምተዋል። ዘንቢላቸውን አስቀምጠው አዩኝ።

«ኡስታዝ፣» አሉኝ፤ አስተማሪ ሁሉ ለእሳቸው ኡስታዝ ነው፣ አማርኛውንም በራሳቸው መንገድ ነው የሚናገሩት፤ «አንተ ታሟል?»

«አልታመምኩም እማማ፣ ልምምድ ነው» ብዬ ስለ ወንጪ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ መጥለቁ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«እዚያ ሐይቅ ውስጥ ምን ጠፋብህ?»

ከዚያ ማወቅ የነበረብኝን ነገሩኝ። «ይሄ ውሃ ሰደቃ ነው። ባሌ ሲሞት ለነፍሱ የሰጠሁት። መስጊድ ቧንቧ አለ፤ ሰዎቹ ውሃ አጥቶ አይመጣም። ለእሱ ብሎ ይመጣል። ይታጠባል፣ ለእሱ ዱዓ ያደርጋል፣ ይሄዳል።»

ሽማግሌዎቹ ውሃውን አይፈልጉትም ነበር፤ መታጠባቸውን የሚፈልጉት እማማ ነበሩ። እኔ ገብቼ የተንቦጫረቅኩት እዚህ ላይ ነው።

ሮቶውን ገልብጬ በሳሙናና በበረኪና ፈተግኩት። ሌሊት ዝናቡ ሞላው፤ ውሃው ኩልል ብሎ የሮቶው ታች ይታያል። በማግስቱ እማማ በሩን ከፍተው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ማንም አልገባም። የከዘራውን ድምፅ ሰማነው፤ በወዲያኛው የመንገዱ ዳር አለፈ። «ዝናብ ስለሆነ ነው» አሉ። በሚቀጥለው ቀን ግን ጸሐይ ነበር፤ ያን ዕለት ዱካቸውን አንስተው ገቡ።

እኔ በጓሮ በኩል ሹልክ እያልኩ መውጣት ጀመርኩ። ባለ ሱቁ «በረዶ ልስጥህ?» ይለኛል፤ ባልደረቦቼ «አዞው መጣ» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ እያልኩ እነሳና ጫማዬን አድርጌ እመለሳለሁ። ቪዲዮውን ሳላየው ሰረዝኩት። ወንጪ እንደዚያ ሰሞን አምሮኝ አያውቅም፤ ሐይቁን ሳይሆን ከአሶሳ የሚያወጣኝን መንገድ ነበር የናፈቅኩት።

የጉዞዬ ዕለት ማለዳ ሻንጣዬን ይዤ ብቅ ስል እማማ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ኡስታዝ፣ እስከ ዐስር ይቆያል።»

«እማማ፣ አውቶቡሱ ያመልጠኛል።»

«ያምልጥ። አንተ ያባረረ ሰው፣ አንተ ያስታጥባል።»

ለጓደኛዬ ደውዬ እንደማልደርስ ነገርኩት። የምንጠልቀው በማግስቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የእሱ ዕረፍት ያበቃል። «ፈራህ አይደል?» አለኝና ስልኩን ዘጋው። አልፈራሁም ማለት ፈልጌ ነበር፤ ግን የዚያን ያህል ፍርሃት ይዞኝ አያውቅም።

ዐስር ሲደርስ ኢብሪቁን ሞልቼ በሩ ላይ ቆምኩ። መንገደኛው ሁሉ ያየኛል። የመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቅንቀው ሰላምታ ሰጡኝና አለፉ። ክንዴ ዛለ፤ ፊቴ ነደደ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። በመጨረሻ እኒያ አናቴን በኢብሪቅ የመቱት ሽማግሌ ብቻቸውን መጡ። ቆሙ። እኔን አዩ፣ እማማን አዩ። ከዚያ ከዘራቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ወደ ሮቶው ሄዱና ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ ተመለከቱ።

«ኡስታዝ፣ ከስር ሌላ ሰው የለም?»

አልፈው የነበሩት ዞሩ፤ ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ። ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ግማሹን ውሃ ጫማቸው ላይ ደፋሁት። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተመልሰው ከኋላቸው ቆሙ።

ይሄኔ ዞር ስል እማማ አይስቁም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያለቅሳሉ። እኔ ያን ሁሉ ቀን ያፈርኩት በቁምጣ በመታየቴ ነበር። እሳቸው ያን ሁሉ ቀን ባላቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ቀብረው ተቀምጠው ኖሯል፤ አጠገባቸው እያደርኩ አላየሁም። ሽማግሌው እግራቸውን አቀረቡ። ጎንበስ ብዬ አፈሰስኩላቸው፤ ቀና ማለት ግን አቃተኝ።