አውራ ጣቷ የሸፈነው ምልክት

ጎረቤቴን ሱግራንን "አንቺን አንድ ቀን የሚገድልሽ ይሉኝታ ነው" እያልኩ ስነዘንዛት ኖሬአለሁ። እባብ ብታይ በዱላ ትገድላለች። ጎርፍ ቤቷን ጠርጎ የወሰደው ጊዜ እንባ ሳታወጣ ጭቃ አቡክታ እንደገና የሠራች ሴት ናት። ሰው ፊት ማነስ ግን አይሆንላትም። እንግዳ መጥቶባት ቤቷ ባዶ ከሆነ ስኳሩን ከእኔ፣ ወተቱን ከሌላ ጎረቤት በጓሮ አስመጥታ፣ ሁሉም ከጓዳዋ የወጣ አስመስላ ታቀርባለች። እኔ ደግሞ አላስችል ይለኛል።

"አዲ ሱግራን፣ ስኳሬ ጣፈጣቸው?" እላታለሁ።

"ዝም በይ አንቺ፣ ይሰሙሻል!" ትለኛለች ዓይኗን አጉረጥርጣ። ከአንድ እናት ባንወለድም አዲ፣ እህቴ፣ ተባብለን ነው የኖርነው።

ሥራችንም አንድ ነው። የፖሊዮ ጠብታ ዘመቻ በመጣ ቁጥር ሁለታችን ከበር በር እንዞራለን። እሷ ሰማያዊውን የክትባት ሳጥን ትከሻዋ ላይ ታንጠለጥላለች፤ ሕፃኑን አፍ አስከፍታ ታንጠባጥብለታለች። እኔ የጠጣውን ልጅ ትንሽ ጣት በቀለም እቀባለሁ፤ በሩ ላይም በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ቀለሙ ቶሎ አይለቅም። ጣቱ የተቀባ ልጅ ጠጥቷል ማለት ነውና ማንም አይደግመውም።

ሱግራን እናቶችን በጭቅጭቅ አታሸንፍም። የምታሳያቸው ነገር አላት። ብልቃጡ ላይ አንዲት ጠቆር ያለች ክብ ምልክት አለች፤ በክቡ መሐል ደግሞ ትንሽ አራት ማዕዘን። መድኃኒቱ በቅዝቃዜው ከቆየ መሐለኛዋ ነጣ እንዳለች ትኖራለች። ሙቀት ካገኘው ቀስ በቀስ ትጠቁራለች፤ ጥቁረቷ ክቡን ያከለ ወይም የበለጠ ዕለት መድኃኒቱ አልቆለታል፣ ይጣላል። ልጁን አይጎዳውም፣ ግን ከበሽታው አያድነውም።

ማይ ጂንዳንን የማረከቻቸው በዚህች ምልክት ነው። ማይ ጂንዳን መንደራችን ዳር ላይ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ትኩሳት ከወሰደባቸው ወዲህ ከጤና ጣቢያ የሚመጣ ነገር ሁሉ ጠላታቸው ሆኖ ነበር። በራቸው ላይ "እምቢተኛ" እያልኩ ስጽፍ የኖርኩት እኔ ነኝ። ምላሳቸው ደግሞ አይጣል ነው። "አንቺ ጠመኔ ተሸካሚ! በሬን ሰሌዳ አድርገሽው ቀረሽ፤ ተማሪዎችሽ የታሉ?" ብለውኝ መንደሩ ሁሉ ሲስቅብኝ ከርሟል።

ሱግራን ግን አንድ ቀን አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለችና ብልቃጡን ሰጠቻቸው። "አማ፣ እናቴ፣ እኔን አይመኑኝ። እኔም ሰው ነኝ፣ ልዋሽ እችላለሁ። ይቺን ይመኑ። መሐለኛዋ ከጠቆረች ብልቃጡን ፊቴ ላይ ይድፉት።"

አሮጊቷ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። "ይሄን ለማየት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም ማለት ነው?"

"አያስፈልግም አማ።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት በወረቀት ለምን ታደርቁኝ ነበር?" አሉና የታናሹን የልጅ ልጃቸውን አፍ አስከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ዘመቻ ሲመጣ በራቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። "አሳዪኝ" ይላሉ፤ ያያሉ፤ "ነጭ ናት" ብለው ይፈርዳሉ። ሱግራን በልጆቿ እንኳ እንደዚያ ስትኮራ አይቼ አላውቅም።

ያ ሰኔ ከነሐሩሩ ሲመጣ ታላቋ ልጇ ራቤል ታጭታ ነበር። የእጮኛዋ ወገኖች ቤቷን ሊያዩ ከዘመቻው በኋላ ሊመጡ ተቀጣጥረዋል። እኛ ጠዋት ሳጥናችንን ከጤና ጣቢያው ተቀብለን ከሱግራን ቤት ልንወጣ ስንል በሯ ላይ ባለሞተር ጋሪ ቆመና አክስት፣ አጎት፣ ምራት እየተደጋገፉ ወረዱ።

"ለቅሶ ልንደርስ በዚህ ስናልፍ፣ እንዴት የአማቶቻችንን ቤት ሳንረግጥ እንሂድ ብለን ነው" አለች የእጮኛው ትልቅ አክስት፤ ዓይኗ ግን ቀድሟት ጣራውን እየለካ ነው።

የሱግራን ፊት አመድ መሰለ። ባለጥልፉን ምንጣፍ አነጠፈች፣ አልጋዎቹን ጥላ ውስጥ አወጣች። ምን ታጠጣቸው? በሰኔ ለአማት የሚቀርበው ታዳል ነው። ለውዝና ቅመም ተፈጭቶ በወተት ይበጠበጣል፤ በቅዝቃዜው ጥርስ ካላሳመመ ደግሞ ታዳል ብሎ የሚጠራው የለም። መብራት ከጠፋ ሰንብቶ የበረዶው ፋብሪካ ቆሟል። በረዶ ሻጩ ባዶ ጆንያውን ተንተርሶ ተኝቷል። ለሙሽራ አክስት ለብ ያለ ታዳል የሰጠች ቤት ወሬዋ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

እኔን ለውዝ ፍለጋ ላከችኝ። ስመለስ ታዳሉ ቀርቧል፣ ብርጭቆው ከቅዝቃዜው የተነሳ አልቦታል። ትልቋ አክስት አንዴ ጨለጠችና "ዓይኔ በራ! ይቺ ቤት በረከት አላት" አለች። እኔም ሁለት ብርጭቆ ገለበጥኩ። በረዶው ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ ያገኘ ጉሮሮ ምኑን ይጠይቃል።

በኋላ እንደነገረችኝ፣ ጓዳ ገብታ ሳጥኑን ከፍታለች። በመድኃኒቱ ዙሪያ የሚደረደሩትን በረዶ የሞላባቸውን ጠፍጣፋ ፕላስቲኮች አውጥታ፣ አጥባ፣ የታዳሉ እንስራ ውስጥ ነክራቸዋለች። ለጥቂት ጊዜ ብቻ ብላ ነበር። እንግዶቹ ግን ምሳ በልተው፣ ጋደም ብለው፣ ፀሐይ ዘንበል ሲል ነው የተነሱት። ፕላስቲኮቹ ውሃ ሆነዋል። ሳጥኑን ደግሞ ከጓዳ አውጥታ ግቢው ውስጥ ግድግዳ ሥር አስቀምጣው ነበር፤ ጥላው ሸሽቶት፣ እኩለ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠብሰው ውሏል።

ሥራ ጀመርን። አንድ በር፣ ሁለት በር አልፈን ሦስተኛው ላይ ነገሩ ገረመኝ፤ ሱግራን ምልክቷን ለማንም አላሳየችም። አውራ ጣቷ ብልቃጡ ላይ ተጣብቋል።

"ምነው ዛሬ አታሳዪም?" አልኳት።

"ረፍዷል። ቶሎ ቶሎ እንበል።"

"የአማት ታዳል ምላስሽን አሰረው እንዴ?" አልኩና ሳቅኩ። አልሳቀችም። ከዚያ ቀን በኋላ ምልክቷን አይታት እንደሆነ ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ። "አላየኋትም" ትላለች። አምናታለሁ። ማየት ስላልፈለገች ነው ጣቷን የጫነችባት።

ማይ ጂንዳን እንደ ልማዳቸው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የልጅ ልጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። "ዘገያችሁሳ! አሳዪኝ" አሉ።

"ያው ነው አማ፣ ስንቴ ያዩታል?"

"ስንቴም አየዋለሁ። አንቺ አይደለሽ እንዴ ያስተማርሽኝ?" እጃቸውን ዘርግተው ብልቃጡን ያዙ፤ አውራ ጣቷን ራሳቸው ቀስ አድርገው አነሱት። እኔም አየሁ። መሐለኛዋና ክቡ አንድ ሆነዋል፤ የትኛው የቱ እንደሆነ አይለይም። አሮጊቷ ቀና ብለው ሱግራንን አዩዋት። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች።

ልክ ያኔ የኢምዳድ ሳሂብ ሞተር ብስክሌት እየጮኸ ደረሰ። ተቆጣጣሪያችን ነው፤ ሸሚዙን ሳያስተኩስ አይወጣም፣ ቁጣውንም እንደዚያው። ሞተሩን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ብቅ ብቅ አለ።

"እዚህ ምን አስቆማችሁ?"

ማይ ጂንዳን ብልቃጡን በጡጫቸው ጨብጠው ሻሻቸው ሥር ሸሸጉት። "ዛሬ ልጄን አላስጠጣም" አሉ።

"ለምን?"

"አልፈለግኩማ።"

"አማ፣ ያለፈውን ጊዜ አስጠጥተው አልነበረም እንዴ?"

"ያለፈው አለፈ። ዛሬ ሆዴ እምቢ አለኝ።"

"ይኸው!" አለ ኢምዳድ ሳሂብ ወደተሰበሰበው ሰው ዞሮ። "ተሻላቸው ስንል ይብስባቸዋል! በእንዲህ ያሉ አሮጊቶች ድንቁርና ነው ልጆቻችን እግራቸው የሚቀረው። አያፍሩም እንዴ በሽምግልናዎ?"

ከጎረቤቶቹ አንዷ ሳቀች። "የማይ ጂንዳን ጂን ተመለሰች!" አለች። አሮጊቷ ልጁን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። ያ ምላስ፣ እኔን ሰሌዳ ጸሐፊ ያደረገኝ ምላስ፣ አንዲት ቃል አልመለሰም።

"ሃጅራን፣ ጻፊ" አለኝ ኢምዳድ ሳሂብ። "እምቢተኛ።"

ጠመኔውን ይዤ ሱግራንን አየኋት። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ የሳጥኑን ማንገቻ ታስተካክላለች። ጻፍኩ። ስጽፍ ከኋላዬ ማይ ጂንዳን ብልቃጡን በሻሻቸው ሥር ለሱግራን እየመለሱ "ነገ ቀዝቃዛውን ይዘሽልኝ ነይ" ሲሏት ሰማሁ። በሹክሹክታ ነው ያሉት፤ በቁጣም አልነበረም።

ከዚያ ወጥተን አንድ የኒም ዛፍ ሥር ስንደርስ ሱግራን ቆመች። ቁጭ ብላ የበረዶውን ነገር ዘረገፈችልኝ። ደሜ ፈላ። "ለአክስቶች ጉሮሮ ብለሽ!" ብዬ ጮህኩባትና የራሴ ሁለት ብርጭቆ ትዝ አለኝ። 

"ቢሰድቡኝ ምናለ ሃጅራን?" አለች። "ፊቴ ላይ ቢደፉት ምናለ? እናቴን የሚያህሉ ሴት በእኔ ፋንታ ደንቆሮ ሲባሉ እኔ ቆሜ ሰማሁ። ዝም ብዬ ሰማሁ!"

እኔም ምክር መስሎኝ "ማንም አላወቀ። ነገ ለእሳቸው አዲሱን እናመጣለን፣ በዚያው ያልቃል" አልኳት።

"እነዚያ ቀድመን ያስጠጣናቸው ልጆችስ? ጣታቸው ተቀብቷል እኮ። ማን ይደግማቸዋል?" ሻሿን አፏ ላይ ጭና ተንሰቀሰቀች። እኔም አልኩ በሆዴ፣ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ለብ ላለ ታዳል ስታፍር ይሄን አመጣችው።

ተነሳች። ኢምዳድ ሳሂብ ሻይ ቤቱ ጋ ሞተሩን አቁሞ፣ ወንዶች ከበውት፣ ስለ ማይ ጂንዳን እያወራላቸው ደረስንበት። ሱግራን ሰዎቹ መሐል ገብታ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ያቺ ቤት እምቢተኛ አይደለችም" አለች።  "እሳቸው እኔን ሸሽገው ነው። መድኃኒቱን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። በረዶውን ለእንግዶቼ መጠጥ ማቀዝቀዣ አደረግኩት።"

 ኢምዳድ ሳሂብ ብልቃጡን አገላብጦ አየ፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሳጥኑን ከትከሻዋ አውርዶ ለእኔ ሰጠኝ።  

ከዚያ ልጆች ወዳስጠጣንባቸው በሮች ተመለስን። ከፊት እሷ ናት፤ "እኔ ልናገርልሽ" ብላት አሻፈረኝ አለች። የመጀመሪያዋ እናት የልጇን ጣት ብድግ አድርጋ፣ "እና ይሄ ቀለም ምንድን ነው? ማጌጫ ነው?" አለቻት። ሁለተኛዋ "ለአማቶችሽ በረዶ፣ ለልጄ ፍል ውሃ!" ብላ በሩን ዘጋችባት። የመጨረሻዋ ልጇን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። ሱግራን በየበሩ "ነገ አዲሱ ይመጣል፣ ጣቱ ቢቀባም ይጠጣ" ትላለች፤ አንገቷን ደፍታ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ምሽቱን ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤታችን ገብቶ ነበር።

ለአክስቶቹም ደረሰ። ጋብቻው አልፈረሰም። ግን ኋላ ሠርጉ ዕለት የሙሽራው ወገኖች በረዷቸውን በአህያ ጋሪ ጭነው መጡ። ትልቋ አክስት ከጋሪው ሆና፣ "አማት፣ ሳጥንሽን አትክፈቺ፣ ይዘን መጥተናል!" ብላ ስትጮህ ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ። ሱግራንም አብራ ሳቀች፤ ጆሮዋ ግን እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር።

ያ ሁሉ ከመሆኑ በፊት፣ በሻይ ቤቱ ማግስት፣ ሳጥኑን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ጠመኔውና ቀለሙ እሷ ጋ ነው። ማይ ጂንዳን ቤት ስንደርስ ከእኔ ቀድማ ሮጠች፤ "እምቢተኛ" የሚለውን በሻሿ ጫፍ ታሽ ጀመር።

"ተይው፤ ሻሽሽን ጨረስሽው" አሉ አሮጊቷ ከበራቸው ላይ። ሳጥኑን እኔ ትከሻ ላይ ሲያዩት ግን ፊታቸው ተለወጠ። ምንም አልጠየቁም። ብልቃጡን አውጥቼ ምልክቷን ወደ እሳቸው አዞርኩ፤ ሳያዩት ከእጄ ወስደው ለሱግራን ሰጧት።

"አንቺ እዪልኝ" አሏት። "ዓይኔ ደክሟል።"

በኩራዝ ብርሃን መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገቡ ሴት ናቸው። ትናንት ጥቁሩን ለይተው ያዩትም እሳቸው ናቸው። ሱግራን ብልቃጡን በሁለት ጣቷ አንገቱን ያዘችው፤ አውራ ጣቷን አርቃ። ብዙ ጊዜ አየችው። 

"ምን ትላለች?" አሉ ማይ ጂንዳን፤ የልጁን አፍ በጣታቸው ከፍተው እየጠበቁ።

"ነጭ ናት፣ አማ" አለች ሱግራን። እንባዋ አገጯ ላይ ደረሰ። እኔ ለልጁ አንጠባጠብኩለት፤ እሷ ጎንበስ ብላ ትንሽ ጣቱን ቀባችው።