የልብስ አጣቢው ማሳከክ

ሰፈሩ «ጽዱ» የሚለው ልብስ አጣቢ ፊንጢጣው አካባቢ የበቀሉትን ኪንታሮቶች በሕክምና ካስነሳ ሰነባብቷል። ቁስሉ ቢድንም ማሳከኩ አልለቀው አለ። ደንበኛ ፊት ሸሚዝ ሲያጥፍ ጥርሱን ይነክሳል፤ ብቻውን ሲሆን ደግሞ «ካንሰር ሆኖ ይሆን?» ይላል።

ይህን የሰማችው ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ የሰው ገመና ስታጥብ ኖረህ በራስህ ታፍራለህ?» አለችው።

ነገሯ ከነከነውና ሐኪም ቤት ሄደ። ብዙ ወንድ «ሆዴን ነው» ብሎ በሚሸሽበት ክፍል እሱ የልጁ እኩያ ለሆነችው ሐኪም «ፊንጢጣዬን ያሳክከኛል፤ ካንሰር ፈርቻለሁና ይዩልኝ» አላት። አየችው። ኪንታሮቱ አልተመለሰም፤ ካንሰር የሚያስጠረጥር ነገርም የለም፤ ቆዳው ግን ተልጧል።

«ጋሼ፣ በምንድን ነው የሚታጠቡት?»

«በልብስ ሳሙና ነዋ! ፈትጌ ፈትጌ፣ በረኪናም ጠብ አድርጌበት።»

«ኧረ ጉድ! ይሄ እኮ የሸሚዝ ኮሌታ አይደለም! በውሃ ብቻ ይለቅለቁ፣ ሳይፈትጉ ያድርቁ። ካልተሻለዎት ተመልሰው ይምጡ።»

ሐኪሟ ሳቋን ስታፍን እሱ ቀድሟት ሳቀ። ሲወጣ፣ ተራ የሚጠብቅ ጎረቤቱ ሹፌር «ምን ሆነህ ነው?» አለው። ጽዱ ሳያንሾካሹክ ሁሉንም ነገረው። ሹፌሩ ግራ ቀኙን አየና «እኔም ለሱው ነው የመጣሁት፤ ሆዴን ልል ነበር» አለ።